ሰላምታ የሌለው ደብዳቤ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ ብርሃኔ በራፋቸው ላይ ተቀምጠው ጎመን ሲቀነጥሱ ስልካቸው ጮኸች። መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለወጡ ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝና "እስቲ ጋሼ፣ ያ ልጅ ምን አለ?" አሉኝ። ልጃቸው ለሥራ ራቅ ወዳለ አገር ከሄደ ወር አልሞላውም። የላከው መልእክት "ደህና ነኝ" የሚል ብቻ ነው። አነበብኩላቸው። "ተመስገን" አሉና ወደ ጎመናቸው ተመለሱ። ሌላ ምን ይላል የለ፣ ቀጥል የለ፤ በቃ። እኔ ግን ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። እነዚህ ሁለት ቃላት ያኔ፣ በእኔ የወጣትነት ዘመን፣ ጅማ አጠገብ ባለችው በየቡ አንድ ቤት ሙሉ ሰው አስለቅሰዋል። ለልቅሶው ምክንያት የሆንኩት ደግሞ እኔ ነበርኩ።

ጎጃም ተወልጄ ጅማ ያረጀሁ ሰው ነኝ። አስተማሪ ሆኜ ስመጣ ሃያ አምስት ዓመት አልሞላኝም። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ዓመቱን ብትጠይቁኝ እሳሳታለሁ፤ የሱሪዬን ስፋት ግን አልስትም። ጫማዬን ከነአፍንጫው የሚሸፍን ቤልቦተም ነበር፤ ክረምት ሲሆን የጅማን ጭቃ ግማሹን ወደ ክፍል የማስገባው እኔ ነበርኩ። አወቱ መንደራ ሰፈር አንዲት ክፍል በወር አስራ አምስት ብር ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ሻይ አስር ሳንቲም፣ ፓስቲ አምስት ሳንቲም፤ ሄርማታ መርካቶ ጥግ ካለችው ሱቅ ደግሞ ፖስታ ከነወረቀቱ በአስራ አምስት ሳንቲም ይገኛል፤ ጠርዙ ቀይና ሰማያዊ ነው። አመሻሽ ላይ ወደ ፈረንጅ አራዳ በእግር መውጣት ደንብ ነበር። እዚያ ካሴት የሚቀዳ ሰው ድምፅ ማጉያውን ወደ መንገዱ አዙሮ ያስለቅቃል፤ ያኔ ዘፋኞቹ እንኳ የሚወዷትን ሴት ጤና ሳይጠይቁ ወደ ጉዳያቸው አይገቡም ነበር። የቡና ለቀማ ሲደርስ ከተማው በሙሉ የእሸት ቡና ሽታ ይሸተዋል፤ ጣፋጭም ነው፣ ኮምጣጣም ነው። ዛሬም ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ ካልቸኮልኩ የትምህርት ቤቱ ደወል የሚያመልጠኝ ይመስለኛል።

የማስተምረው አማርኛ ነው። በዚያ ዕድሜዬ ቃል የሚያባክን ሰው ከኪሴ የሚሰርቀኝ ይመስለኝ ነበር። "ነገር ቢበዛ በአህያ አይጫንም" የምትለውን ከጥቁር ሰሌዳው አናት ላይ ጽፌ ዓመቱን ሙሉ አላስጠፋትም። ለቡና አገር ልጆች ደግሞ በሚገባቸው ቋንቋ እነግራቸዋለሁ፦ "ከነገለፈቱ አታምጡልኝ፤ ፈልፍላችሁ ፍሬውን ስጡኝ።" ከሁሉ የሚያናድደኝ የደብዳቤ ሰላምታ ነበር። የዛሬ ልጆች አያውቁትም እንጂ የዚያን ጊዜ ደብዳቤ በሰላምታ ተጀምሮ በሰላምታ የሚያልቅ ነው። "እንደ ምድር አሸዋ፣ እንደ ሰማይ ከዋክብት የበዛ ሰላምታዬ ካለሁበት እስካለሽበት ድረስ ይድረስሽ። ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር..." እያለ አንድ ገጽ ይሞላል። ከዚያ የአክስት፣ የአጎት፣ የጎረቤት ስም በተርታ ይጠራል። ጉዳዩ መጨረሻ ላይ፣ ወረቀቱ ሲያልቅ፣ ኅዳጉ ላይ ተጣቦ ይጻፋል። እኔ ይህን ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ከላይ እስከ ታች እሰርዘው ነበር። ከላይ "ኢትዮጵያ ትቅደም"፣ ከታች "ከአብዮታዊ ሰላምታ ጋር" የምትለዋን ግን አልነካትም። ቃል ቆጣቢ ነበርኩ እንጂ ሞኝ አልነበርኩም።

ነጂብ የሚባል ተማሪ ነበረኝ፤ የየቡ ልጅ። አባቱ በልጅነቱ ስለሞቱ እሱንና ታናሽ እህቱን ራህማን ያሳደጉት እናታቸው አዴ ዘይነባ ናቸው፣ ከቤታቸው ጓሮ ባለችው ቡና፤ አዴ በኦሮምኛ እንደ ወይዘሮ ያለ መጠሪያ ነው። ጅማ ከሌሎች ተማሪዎች ጋር ተከራይቶ ይማራል፤ ቅዳሜ በጭነት መኪና የቡ ይሄድና እሑድ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ኮንጎ ጫማውን አጥቦ፣ አንዲት የቴትሮን ሸሚዙን ተኩሶ ነው ክፍል የሚገባው። አንድ ቀን "ለእናታችሁ ደብዳቤ ጻፉ" ብዬ የቤት ሥራ ሰጠሁ። ነጂብ ሦስት ገጽ አመጣ። ሁለት ገጽ ተኩሉ ሰላምታ ነው። የእናቱን ጉልበት ይጠይቃል፣ የላሟን ጥጃ ይጠይቃል፣ የጎረቤት ሕፃን ጥርስ አወጣች ወይ ይላል፣ የአጎቱን የአባ ፎጊን በቅሎ ሳይቀር ይጠይቃል። ክፍል ፊት አስነሥቼው እየሳቅኩ ሰረዝኩ፤ ክፍሉም በሙሉ አብሮኝ ሳቀ። ከሦስቱ ገጽ የተረፈችው "አዮ፣ ደህና ነኝ" የምትለዋ ብቻ ነበረች። አዮ ማለት በኦሮምኛ እማዬ ነው።

"ቲቸር፣ የተረፈው እኮ በጣም ትንሽ ነው" አለኝ ቀስ ብሎ።

"ትንሽ ነው፤ ግን እናትህ ማወቅ የሚፈልጉት እሱን ብቻ ነው" አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተቀመጠ። ልክ ነበርኩ ብዬ አስብ ነበር፤ አሁንም ግማሹን ልክ ነበርኩ እላለሁ።

ትምህርቱን በጨረሰ በዓመቱ ለውትድርና ወሰዱት። እንዴት እንደተወሰደ መዘርዘር አልፈልግም፤ የዚያ ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ገበያ እንደወጣ ቀረ። ወደ ሰሜን ሄደ ተባለ። ወራት አለፉ፣ ድምፁ ጠፋ።

አንድ ጠዋት ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሽማግሌ ይፈልጉሃል ተባልኩ። አባ ፎጊ ናቸው፤ ከዚያ በፊት አይቻቸው አላውቅም፤ ጃንጥላቸውን ተመርኩዘው ቆመዋል።

"አሰላሙ አለይኩም። ባርሲሳ ማለት አንተ ነህ?" አሉኝ፤ ባርሲሳ አስተማሪ ማለት ነው። "የነጂብ አጎት ነኝ። ካንተ ወዲያ የምናውቀው የመንግሥት ሰው የለም። ወላሂ አትደብቀን፤ መቼ ነው?"

"ምኑ?"

"የልጁ ነገር። ሰዉ ለልቅሶ ከተቀመጠ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ቀኑን እንኳ እንወቅ።"

"ማን ነገራችሁ?" ስላቸው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ፖስታ አውጥተው ሰጡኝ። ውስጡ አንዲት ብጣሽ ወረቀት አለች፦ "አዮ፣ ደህና ነኝ። ነጂብ።" ሌላ ምንም የለም። ገለበጥኩት፣ ባዶ ነው። ጽሕፈቱ የነጂብ ነው፤ ሁለት ዓመት ያረምኩትን እጅ አልስትም።

"አባ፣ ደህና ነኝ እኮ ነው የሚለው!"

"እሱን ራህማም አንብባዋለች" አሉኝ እንደ ልጅ እያዩኝ። "ደህና የሆነ ሰው እንዲህ ብሎ ይጽፋል እንዴ?"

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። በእኛ አገር ሞት በአንድ ጊዜ አይነገርም። መጀመሪያ "ትንሽ አሞታል" ይባላል፣ ቀጥሎ "ጠንቶበታል"፤ ሰውም ልቡ እየጠረጠረ፣ እየለመደ ይሄዳል። ሰላምታ የሌላት፣ ላምም ጎረቤትም ያልጠየቀች ደብዳቤ ስትመጣ፣ አንድ አዛኝ ጓደኛ መርዶው እስኪደርስ ድረስ ጽፎ የላካት ማለማመጃ ናት ብለው ቆጠሯት። ሲቀንሱም ሲደምሩም የሚያገኙት ሞት ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ወረቀቷን ይዤ ሌላ ነገር አየሁ፤ ያቺ በቀይ ሰርዤ ሰርዤ ያስቀረኋት ዓረፍተ ነገር ናት። ልጁ አልሞተም፤ የተማረውን ነው የሠራው። ደስታና እፍረት አንድ ላይ መጡብኝ። ለትምህርት ክፍሉ ተጠሪ ተናግሬ ከአባ ፎጊ ጋር በአንድ ብር የጭነት መኪና ላይ ተሳፈርን።

ዛሬ በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ስልኩን ሳይጨርስ የቡ ይደርሳል። ያን ቀን ግን ጭቃው ሁለት ጊዜ አስወረደን፤ እየገፋን፣ እየተሳፈርን ሄድን። አባ ፎጊ መንገዱን ሙሉ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የተናገሩት፦ "ለእናቱ በደንብ ንገራት። ሰላምታ አስቀድም።" ስንደርስ ወንዶቹ ከቡናው ጥላ ሥር ተቀምጠዋል፣ ሴቶቹ ቤት ውስጥ ሰሌን ላይ። አዴ ዘይነባ ቀጭን፣ ረጅም ሴት ናቸው። አያለቅሱም። አማርኛ ይሰማሉ፤ መናገርም ያውቃሉ፤ ሲከፋቸው ግን ወደ ኦሮምኛው ይመለሳሉ።

ሰላምታውን በቅጡ አደረስኩና "አዴ፣ እጁ የነጂብ ነው። እግዚአብሔርን ምስክር እጠራለሁ። በሕይወት አለ" አልኩ።

"ልጄ ቅዳሜ ከከተማ ሲመጣ" አሉኝ፣ "ከበሩ ተነሥቶ እኔ ጋ እስኪደርስ ግማሽ ቀን ነው። ሁሉን ሳይጠይቅ አይቀመጥም። ይሄን የጻፈው ሰው እኔን አያውቀኝም።"

"አሳጥር ብዬ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ሰላምታውን ሁሉ ሰርዤበት ነበር።"

ወደ ራህማ ዞረው "ማል ጀዳ?" አሉ፤ ምን ይላል ማለታቸው ነው። የሰሙትን ማመን አቅቷቸው እንጂ አማርኛዬ ጠፍቶባቸው አልነበረም። ራህማ በኦሮምኛ ደገመችላቸው።

"ሰላምታ ከለከልከው?" አሉኝ። "ልጄን አስተምርልኝ ብዬ ብሰጥህ፣ ሰላምታ ከለከልከው?"

ያን ሁሉ ዓመት ስለ ቃል ቁጠባ የተናገርኩት ሁሉ ከአፌ ጠፋ። እሳቸው ወረቀቷን ተቀብለው፣ ማንበብ ስለማያውቁ፣ በጣታቸው መስመሯን ዳሰሷት። "እሺ፣ እጁስ የሱ ይሁን። ይሄ ለምን ቁልቁል ይወርዳል?"

አየሁት። እውነትም ፊደሎቹ ወደ ታች አዘንብለዋል። "ጉልበቱ ላይ አድርጎ ጽፎ ይሆናል" አልኩ፤ አስተማሪ ነኝና መልስ አላጣም። ወረቀቷን አጥፈው ጉያቸው ከተቷት።

"እንግዲያው ፖስታው ላይ ባለው አድራሻ እንጻፍለት" አልኳቸው፤ "ይመልስና ራስዎ ይፍረዱ።" እሺ አሉ። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ጻፍኩ። እሳቸው በኦሮምኛ ይላሉ፣ ራህማ ትነግረኛለች፣ እኔ በአማርኛ አሰፍራለሁ። የላሟ ጥጃ ገባች፣ የጉልበታቸው ሕመም ገባ፣ ያቺ ጥርስ ያወጣችው ሕፃን አሁን እንደምትሮጥ ገባ። ለልቅሶ የመጡት ሴቶች ዓይናቸውን በነጠላቸው ጫፍ እየጠረጉ "የኔንም ጨምርልኝ" ይሉኛል፤ የወንዶቹ ደግሞ ከውጭ በሰው በሰው ይላካል። አባ ፎጊ በቅሎዋ እንዳነከሰች አስጻፉ። የእስክሪብቶው ቀለም አልቆ በእርሳስ ቀጠልኩ። ዘጠኝ ገጽ ሆነ፤ አንዲት ቃል አልሰረዝኩም። ከሥር የራሴን ጨመርኩ፦ "ነጂብ፣ እኔ ቲቸርህ ነኝ። ለእናትህ ስትጽፍ አታሳጥር።"

ሦስት ወር ያህል ጠበቅን። በየቅዳሜው የቡ መሄድ ጀመርኩ። ልቅሶው አልተነሣም፣ አልቀጠለም፤ አዴ ዘይነባ ነጭ የሐዘን ነጠላቸውን አልቀየሩም፣ ሰርግም አልሄዱም። እኔም ክፍል ውስጥ ቀይ እስክሪብቶ ሳነሣ እጄ ያመነታል፤ ተማሪዎቹ ገርሟቸው ያዩኛል። ከዚያ አንድ ዓርብ ዕለት መልስ መጣ፣ በእኔ በኩል የተላከ ወፍራም ፖስታ። ሳልከፍተው ይዤው ሄድኩ። አሥራ ሁለት ገጽ ነበር። ራህማ ታነባለች፤ እናቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰማሉ። ጥጃዋ ተጠየቀች፣ ሕፃኗ ተጠየቀች፣ በቅሎዋ ለእግሯ ምን እንደሚደረግላት ተመከረ። ሦስተኛው ገጽ ላይ አዴ ዘይነባ ሳቁ፤ ስቀው አይቻቸው አላውቅም ነበር። "ይሄ ልጄ ነው" አሉ። ቤቱ ሁሉ እልል አለ። ሰባተኛው ገጽ ላይ፣ በአባ ፎጊ ሰላምታና በአንዲት አክስት ሰላምታ መካከል፣ ያችን አጭር ደብዳቤ የጻፈ ጊዜ ቆስሎ ሆስፒታል ተኝቶ እንደነበረና አሁን እንደዳነ ተጽፏል። ራህማ ደንግጣ ማንበቧን አቆመች። እናቷ ግን አልደነገጡም። ከጉያቸው ያችን ብጣሽ አውጥተው በዚያው ጣታቸው ዳሰሷት። "ቁልቁል የወረደው ለዚህ ነው" አሉ። ወደኔ አላዩም፤ እኔው ራሴ አቀረቀርኩ። ፊደል የማያውቁት ሴት ያነበቡትን እኔ ዲፕሎማ ይዤ አላነበብኩትም።

ፖስታው ውስጥ ለኔ ለብቻዬ የተጻፈች ቁራጭም ነበረች። እስከ ዛሬ አለች። "ቲቸር፣ ያን ቀን ወረቀቱን ነርሷ ነበረች የያዘችልኝ። ከስሜ ሌላ ሦስት ቃል የምጽፍበት ጉልበት ነበረኝ። የትኞቹን እንደምጽፍ ግን አልተቸገርኩም፤ እርስዎ አስቀድመው መርጠውልኛል" ትላለች። እሷን ካነበብኩ ወዲህ ስለ ማጠርና ስለ መርዘም ክፍል ውስጥ ብዙ አልደነፋሁም። ተማሪ ሰላምታ ሲያበዛ አንብቤ ዝም ማለት ለመድኩ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ደብዳቤዎቹ ይመጡ ነበር፣ ሁሉም ረጃጅም። እኔም የቤቱ ሰው ሆንኩ፤ ቅዳሜ ስቀር ምነው ይሉኛል። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ። ወታደሩ በየመንገዱ፣ በባዶ እግሩ ሳይቀር፣ ወደየቤቱ ሲተም እኛም ጠበቅን። አንድ ቀን ከሰዓት በምርኩዝ የሚሄድ ወጣት ትምህርት ቤት መጣ። የነጂብ ጓደኛ ነው። ጀምሮ ሳይጨርስ ገባኝ። አብረው ነበሩ፤ እሱ ራሱ ነው የቀበረው። "አንድ ነገር ከሆንኩ መጀመሪያ ለቲቸር ንገር፤ ለእናቴ እንዴት እንደሚባል እሳቸው ያውቃሉ ብሎኛል" አለኝ።

አላውቅም ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ የቡ ገብቼ ለአባ ፎጊ ነግሬ አብረን ወደ ቤቱ ሄድን። አዴ ዘይነባ ተነሥተው ሰግደው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። አባ ፎጊ ወደኔ አዩ። ፊታቸው ቁጭ አልኩና ሰላምታ ጀመርኩ። እንዴት አደሩ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ዝናቡ እንዴት ነው? ቡናው አበባ ያዘ? ራህማ ከተዳረች ወዲህ መጥታ ታውቃለች? ልጇስ? ለእያንዳንዱ "አልሐምዱሊላህ" ይሉኛል፣ ቀስ ብለው። እኔም አላቆምኩም። ከላይኛው ጎረቤት ወደ ታችኛው፣ ከታችኛው ወደ ገበያው ሄድኩ። ሰላምታው እስካላለቀ ድረስ ነጂብ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጠይቄ ጠይቄ የምጠይቀው ሰው ሲጠፋኝ ከመጀመሪያው ልጀምር ስል ደረቅ እጃቸውን እጄ ላይ አሳረፉ።

"ባርሲሳ" አሉኝ፤ "ደከምክ፣ ልጄ። አሳጥርልኝ።"

ስሙን ብቻ ጠራሁላቸው።